ሰማያዊ ፊት ለእናት አይላክም

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር ውስጥ ፎቶ ቤት በነበረኝ ዘመን ጠላትህ ማን ነበር ብትሉኝ፣ ሌላ ፎቶ አንሺ አልላችሁም። እነሱን በመልኬ አሸንፋቸው ነበር። ደንበኛው ገብቶ መጀመሪያ እኔን ያያል፤ ከዚያ የራሱን ፎቶ ሲያይ ደስ ብሎት ይወጣል። የኔ ጠላት ነፋስ ነበር። አገር ቤት ዝናብ በሚወርድበት በሐምሌ ጅቡቲ ላይ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ይነሳል። ከበረሃው አሸዋ እየነዳ ይመጣና የሰው ከንፈር፣ የፍየል አፍንጫና የፕሪንተር ሄድ ያደርቃል። ለከንፈር ቅባት አለ፣ ለፍየልም አምላኳ አለላት። ሄዱ ግን ከኔ በቀር ማንም አልነበረው፤ ምስኪን!

ሄድ የምንለው ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨውን ክፍል ነው። ከሥሩ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ሥራ ሲጨርስ ወደ ጥጉ ሄዶ እርጥብ ክዳኑ ላይ ይቀመጣል፤ እንደኛ እንደ ሽማግሌዎቹ ካልተሸፈነ ይደርቃል። መብራት በሥራው መሃል ከጠፋ ግን ራቁቱን ባለበት ተገትሮ ይቀራል። ጅቡቲ ላይ ደግሞ መብራት መጥፋት የሚወደው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ከተማው ሁሉ ክሊማውን በአንድ ጊዜ ሲከፍት። ኤሲን እኛ እዚያ ክሊማ ነው የምንለው። መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ዋናውን ማብሪያ ያወርዳል፣ ምክንያቱም ተመልሶ ሲመጣ በጉልበት ስለሚመጣ ፍሪጅ ያቃጥላል። ከዚያ ጫቱ ይደርሳል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ከተማው ጋደም ይላል። እኔም እንደ ጨዋ ጎረቤት አውርጄ ጋደም እላለሁ። ስነሳ ሄዱ ደርቋል።

ማሽኑ ግዙፍ ነበር። አንድ የውጭ አገር ድርጅት ቢሮውን ሲዘጋ ያገለገለውን የገዛሁት ነው፤ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ የፎቶ ወረቀት ነበር የሚበላው። ኩሊዎች ተሸክመው ሲያስገቡት ጎረቤቴ ከበሩ ወጥቶ ርዝመቱን አየና «አላህ ያጽናህ» አለኝ።

አንድ ሐሙስ ቀን የሠርግ ፎቶ እያተምኩ መብራት ሄደ። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት፣ ማሽኑን ገና ሳልሞክረው፣ አንዲት ወጣት ገባች። ፈረንጆች ቤት እያደረች የምትሠራ ያገሬ ልጅ ናት፤ የምትወጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ትልቅ ፎቶ ያወጣሉ አሉኝ።»

«ምን ያህል ትልቅ?»

«እኔን የሚያህል።»

«አንቺ እያለሽ አንቺን የሚያህል ፎቶ ምን ያደርጋል?»

«እኔማ የለሁም። ሞቻለሁ።»

ወንበር አቀረብኩላት። ሙት ቆማ አትስተናገድም። ለስላሳም ከፈትኩላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወሎ ገጠር ከሰፈሯ ልጆች ጋር ወደ የመን ልትሻገር ተነስታ ጅቡቲ ደረሰች። ባሕሩን ስታይ እግሯ አልነሳ አላትና ቀርታ የሰው ቤት ሥራ ያዘች። ጓደኞቿ የተሳፈሩባት ጀልባ ሰጠመች። መርዶው አገር ቤት ሲደርስ ማን ሄዶ ማን እንደቀረ የሚለይ ሰው አልነበረምና ለሷም አብሮ ተለቀሰላት።

«ደውለሽ አለሁ አትይም?»

«ደወልኩ እንጂ! ወንድሜ ድምፄን ሰምቶ በደስታ ጮኸ። ሮጦ ሄዶ ‹እህቴ አለች› ቢላት እማዬ ምን አለች መሰለዎት? ‹አይ ልጄ፣ ልታባብለኝ ነው› አለችው።»

እዚህ ላይ ሳቅኩም፣ አዘንኩም። እናትየዋ አልተሳሳተችማ! እኛ መርዶ ስንደብቅ የሚስተካከለን የለም። የሞተውን «ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል» እንላለን፤ የተቀበረውን «ሰላም ብሏችኋል» እንላለን። እሷ ራሷ ስንቷን ጎረቤት እንዲህ ስታባብል ኖራለች። ታዲያ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ «ልጅሽ ደህና ናት» ባላት ቁጥር መሞቷን ይበልጥ እያረጋገጠች ሄደች። ስልክ ቢሰጧት ጆሮዋ የደከመ ነው፤ «የሰው ልጅ አምጥታችሁ ታናግሩኛላችሁ» ብላ መለሰችላቸው። ትንሽ ፎቶ ቢላክላት «ይህማ የድሮዋ ናት» ብላ ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰችበት።

«የፊታችን እሑድ አርባዬ ነው» አለች ልጅቱ። «ለተዝካሬ በሬውን ልታርድልኝ ነው። የእርሻውን በሬ፣ በሐምሌ! ያለን እሱ ነው። ደግሞ በሬውስ ይቅር፤ እማዬ አንዴ ተዝካሬን አውጥታ ከቀበረችኝ ከዚያ ወዲያ ማን ቆፍሮ ያወጣኛል?»

«ትንሹን ፎቶ ያላመነች ትልቁን እንዴት ታምናለች?»

አፏን ከፍታ ሳቀች። ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ወርቅ ነበር።

«ይሄን እማዬ አታውቀውም፤ እዚህ መጥቼ ነው ያስገባሁት። ሞት የሚደብቅ ሰው በሙት አፍ የወርቅ ጥርስ አይጨምርም። ግን ዓይኗም እንደ ጆሮዋ ነው፤ በትንሹ አይታያትም። የሰፈራችን ልጅ የከባድ መኪና ሹፌር አለ፣ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ከወደብ ጭኖ ይወጣል። ያደርስልኛል።»

እንዲህ ያለ ጥበብ ሰምቼ አላውቅም። ተነስቼ መብራቶቼን አበራሁ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ጥርሷን ገለጠች። «ለሙት ብዙ ትስቂያለሽ» አልኳት፤ ይባስ ብላ ሳቀች። ያንኑ ሳቋን አነሳሁት።

ማተም ጀመርኩ። ከፀጉሯ እስከ ቅንድቧ እንደወጣ እጄን ሰድጄ አቆምኩት። ግንባሯ ሰማያዊ ነበር። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ከባሕር የወጣ ሰው ዓይነት ሰማያዊ። ሐሙስ ዕለት ራቁቱን የቀረው ሄድ በነፋሱ ደርቆ የቢጫው ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው። ቢጫ ከሌለ ደግሞ የኛ መልክ የለም፤ ቡናማ ቆዳችን ያለ ቢጫ የሬሳ ቆዳ ነው።

ልጅቱ በትከሻዬ አሻግራ አየችው። «አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄ’ኮ ሰጥማ የወጣችዋ ናት።»

ጥርሱስ? ወርቁ ያለ ቢጫ ሲታተም የበሰበሰ ነው የሚመስለው። ይህንን ለዚያች እናት ከምልክ ራሴን ጠቅልዬ ብልክ ይሻላል።

ማሽኑ ራሱን እንዲያጸዳ ደጋግሜ አዘዝኩት። እያጓራ ቀለሜን ጠጣ፤ ቢጫው ግን ወይ ፍንክች። ማሽን የሚሸጠውንና የሚጠግነውን ሰውዬ አስጠራሁ። ድሬዳዋ ያደገ ነው፣ አማርኛው ከኔ ይሻላል። ጉንጩን ከትናንት በተረፈ ጫት ወጥሮ መጣ። ምንም ሳይነካ ከሩቅ አየና በፈረንሳይኛ «ሴ ሞር» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሞቷል። ሄዱ አልቆለታል። አዲስ ከዱባይ ላስመጣልህ፤ ወር ቢፈጅ ነው። እንደውም ማሽኑ ራሱ አርጅቷል፣ እንዳንተው። አዲስ ውሰድ።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። እርጅናን ሲሰድቡብኝ አልወድም፤ እሱ የኔ ሥራ ነው። «ስማ ወንድሜ» አልኩት፣ «በአንድ ጠዋት ሁለት ሙት አለ ተብሎ ተነገረኝ። አንደኛዋ እዚያ ጋ ለስላሳ ትጠጣለች። ሁለተኛውንም አልቀብርም።»

ዞር ብሎ አያት። «የሞተችው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለችው ልጅቱ፣ የወርቅ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ።

«ቢስሚላህ!» ብሎ ሲወጣ በር ላይ ያወለቀውን ጫማ ግራና ቀኙን አቀያይሮ ነው ያጠለቀው።

እንግዲህ ሥራ ጀመርኩ። የጅቡቲ የቧንቧ ውሃ ጨው ነው፤ ለሄድ መርዝ ነው። ክሊማ የሚያንጠባጥበው ውሃ ግን ከምንጭ የቀዳችሁት ያህል ንጹሕ ነው። ከክሊማዬ ሥር ባልዲ የማይጠፋው ለዚሁ ነበር። በነጭ ጨርቅ አጠለልኩት፣ የመስታወት ማጽጃ ጠብ አደረግኩበት፣ ሌላ ጨርቅ አጥፌ ነክሬ ከሄዱ ሥር አነጠፍኩና ሄዱን በእጄ ገፍቼ አስተኛሁት። ትኩሳት ላለበት ሰው እርጥብ ጨርቅ እንደማድረግ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሲያልበው የሚውለው ሐኪሙ ነው።

እኩለ ቀን ሆነና መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ። እንደ ልማዴ አልሰደብኩትም፤ ሄዱ እርጥብ አልጋው ላይ ነው፣ ይጥፋ! ሰፈሩ ጋደም አለ። እኛ ሁለታችን ካርቶን እያራገብን ተቀመጥን። ልጅቱ በየመሃሉ ሰዓቴን ታያለች። «አባባ፣ እማዬ ዛሬ ጠላ እየጠመቀችልኝ ነው» አለች። ምን ይባላል? «ጠላዋ ጥሩ ነው?» አልኳት። «ከሰፈሩ አንደኛ ናት።»

ከውሃውና ከጨርቁ ቀጥሎ ሦስተኛው ነገር ስሪንጅ ነበር። ጫፉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ሰክቼ ያንኑ ውሃ ሞላሁትና ቢጫው በሚገባበት በኩል አያያዝኩት። ቀስ ተደርጎ ነው የሚገፋው፤ ትንሽ ከጠነከረ ሄዱ ውስጡ ይፈነዳል፣ ያኔ ሰውዬው እውነቱን ነበር ማለት ነው። ለዚህ ሥራ እኔን ከማሽኑ ሥር በደረቴ ማስተኛት የእግዚአብሔር ቀልድ ነው። እጄ ሻይ ስይዝ እንኳ ግማሹን ለምድር ይሰጣል። ክርኔን ወለሉ ላይ ተከልኩት። ገፋሁ። ምንም። ትንሽ ጨመርኩ። ድንጋይ የመግፋት ያህል ነው።

«አባባ፣ ይፈነዳ ይሆን?»

«ዝም በይ፣ ሙት አይናገርም።»

ያዝኩት፤ አልጨመርኩም፣ አልለቀቅኩም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ድንገት አውራ ጣቴ ሥር ውሃው ሸሸ። ጨርቁን ስስበው ከመሃሉ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ተኝቷል። ልጅቱ እልል አለች፤ የተኛው ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። እልልታው ሲደጋገም እኔ መነሳት አቅቶኝ እዚያው ነበርኩ። ብብቴን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ።

መብራት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ መጣ። ወረቀቱ መውጣት ጀመረ፤ ፀጉሯ፣ ግንባሯ፣ የራሷ ግንባር፣ የጠይም ሰው ግንባር። ዓይኖቿ። አፏ ላይ ሲደርስ ሁለታችንም ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አልን። ወርቁ አበራ።

ሹፌሩ መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ ትቶ እየተራገመ በእግሩ ደረሰ። ፎቶው እግሯ ጋ ገና ነበር። «ኧረ ቶሎ በሉ!» ብሎ ገባና ፎቶው ላይ ፊቷን አየ። ከዚያ እሷን አየ፣ መልሶ ፎቶውን አየ። «እግሯ ይቅርባት እንዳልል፣ እናቷ ‹እግሯስ?› ይሉኛል» ብሎ ቁጭ አለ። ሲያልቅ ስስ ወረቀት አልብሰን ጠቀለልንለትና ከመቀመጫው ጀርባ አስተኝቶ ወሰዳት።

ከሁለት ዓርብ በኋላ ልጅቱ በሩን በርግዳ ገባች።

«ደረሰ?»

«እሑድ ጠዋት! ሰው ተሰብስቦ፣ ቄሶቹ መጥተው፣ በሬው ታስሮ። ሹፌሩ ምንም አልተናገረም፤ ፎቶውን ዘርግቶ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። እማዬ ተጠጋች። ጣቷን በምራቋ አርሳ ጥርሱን አሸችው፣ አልለቀቀም። ‹ማንን አስፈቅዳ ነው?› ብላ ጮኸች አሉ! ‹የሰጠኋትን ጥርስ ነቅላ! ማንን አስፈቅዳ?› ነጠላዋን ጥላ ፎቶውን ስትሳደብ ሰው ሁሉ ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ በሬውን ፍቱት አለች።»

«ጠላውስ?»

«ጠጡታ! ቄሶቹ ለፍትሐት የመጡትን ለምርቃት አደረጉት። እስከ ማታ ሲጨፈር ዋለ። ተዝካሬ ተበላ፣ እኔ ብቻ አልቀመስኩም!»

«እናትሽስ ምን ብላ ላከች?»

«ጥርሱን አውልቀሽ ነይ ብላኛለች።»

«ታወልቂዋለሽ?»

«ስሞት ያወልቁልኛል» አለችና ማዳም ቤት እራት ሳይደርስ ልሂድ ብላ ሮጠች።