ሁለት ስም የወጣላት ቅኝት

ፒያኖ ቃኚው የመጽሐፉን የማረሚያ ወረቀት የሚያነበው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። በልጅነቱ የንባብ አስተማሪው፣ "የጻፋችሁትን ጆሯችሁ ይስማው" ይሏቸው ነበርና፣ ስድሳ ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላም ትእዛዛቸውን አላፈረሰም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍሉ ብቻውን ተቀምጦ ቁጥር ይቆጥራል። ወረቀቱ ስድስት ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።

መጽሐፉ የአርባ አንድ ቅኝቶች መዝገብ ነው። ሌላው ሰው አንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጭኑ እኩያው ያለውን ርቀት፣ በአሥራ ሁለት ሲከፍለው፣ እሱ በአሥራ ዘጠኝ እኩል ክፋይ ከፍሎታል። ከነዚህ ጥቂቱን መርጦ በተርታ ሲያስኬዳቸው አንድ ቅኝት ይሆናል። በመዝገቡ የሚሰፍረው እርምጃው ነው፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ቀጣዩ ስንት ክፋይ እንደሚራመድ ይቆጠራል፣ ድምሩም አሥራ ዘጠኝ ይመጣል። ቃኚው ግን ስም ቁጥር ሲሆን አይወድም። ቅኝቱ የሚጠራው መጀመሪያ በሰማው ሰው ነው፤ ምድጃ ሊሠራ መጥቶ የሰማው "የምድጃ ጠጋኙ"፣ ደብዳቤ ይዞ የገባው "የፖስተኛው" እየተባለ። ደንቡም ገጽ ሦስት ላይ እንዲህ ሰፍሯል፦ "አንድ ቅኝት ከየትኛውም ድምፁ ቢጀመር ያው አንድ ቅኝት ነው፤ ስሙም አንድና የመጀመሪያው ነው።"

ገጽ አሥራ አራት ላይ የመነጽሩ ቤት ወረቀቱ ላይ ተጋድሞ ነበር። የምድጃ ጠጋኙ ቅኝት አምስት፣ ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ሦስት ነው። የመነጽሩ ቤት ሁለቱን የፊት ቁጥሮች ሸፈናቸውና ቃኚው ሳያስተውል ከመሃል ጀመረ። "አራት፣ አምስት፣ ሦስት..." አለ። ምላሱም እዚያ አላቆመም፤ ዞሮ ከራሱ፣ "...አምስት፣ ሁለት" ብሎ ጨረሰው።

አራት፣ አምስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሁለት ማለት እኮ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ያለችው የእህቱ ቅኝት ናት!

ገልጦ አየ። መነጽሩን ወልውሎ ደግሞ አየ። አንድ ናቸው። ምድጃ ጠጋኙ በሁለት ዓመት ቀድሟል፤ በደንቡ መሠረት የሚሰረዘው የእህቱ ስም ነው።

የሌላ ሰው ስም ቢሆን ጭረት አድርጎበት ያልፍ ነበር። የእህቱ ነገር ግን ሌላ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ሃርሞኒየም፣ በእግር ወናፍ የሚነፋው ባለቁልፍ መሣሪያ፣ የአባታቸው ነበር። እህቱ ከሥራ ስትመለስ ወናፉን በእግሯ እየረገጠች የምታውቃቸውን አራት ዘፈኖች ትጫወትበት ነበር። አንድ ቀን እሷ ሥራ በዋለችበት አስጭኖ ወሰደው፤ ድምፅ የሚሰጡትን የናስ ምላሶቹን ሞርዶ፣ በየኦክታቩ ሰባት ቁልፍ ጨምሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ድምፅ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ጣቶቿ የለመዱትን ቁልፍ በቦታው አላገኙትም። ሦስት ዓመት አኮረፈችው። በአራተኛው ዓመት ሳትጠራ መጣች፣ በሩ ላይ ቆማ ሰማች፣ "ይሄኛው ደረጃ ወርዶ ለምን እንደወረደ የረሳ ሰው ይመስላል" አለች። "የእትዬ" ብሎ መዘገባት። ዕርቃቸው ይኸው ነበር፤ ሌላ ይቅርታ አልተባባሉም።

ዝም ብሎ ፈርሞ ቢልከውስ? ማን ያውቃል? እርሳሱን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው፣ ኮቱን አጥልቆ ወጣ።

እህቱ የምትሠራው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ ሆቴል፣ ልብስ መተኮሻው ክፍል ነው። በሩን ሲገፋው እንፋሎቱ መነጽሩን ጋረደው።

"ባለቅኝቷ! ወንድምሽ መጥቷል!" አለች አንዷ ካውያዋን ሳታስቀምጥ።

"መጽሐፉን ይዞ ከሆነ እስቲ ስሟን ያሳየን፤ በሱ በየቀኑ አደነቆረችን እኮ!" አለች ሁለተኛዋ። "እኔ ሃያ ዓመት አንሶላ ስተኩስ አንድ ትራስ እንኳ በስሜ አልተጠራልኝም።"

ሁሉም ሳቁ። ቃኚው ግን አብሮ አልሳቀም፤ መነጽሩን ወለወለ። እህቱ ፊቱን አንዴ አየት አደረገችና ክንዱን ይዛ አንሶላ ወደተሰጣበት ጓሮ አወጣችው።

"ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እትዬ። ቅኝትሽ..."

"ቅኝቴ ምን ሆነች?"

"ከምድጃ ጠጋኙ ጋር አንድ ሆና ተገኘች። የሱን ከሦስተኛው ድምፅ ስንጀምረው ያንቺው ነው።"

እህቱ የተሰጣውን አንሶላ ጫፍ ያዘች።

"ከዚያ እስከ ጆሮው ጥላሸት ከለበሰ ሰውዬ ጋር ነው ያዳበልከኝ?"

"ቀድሞሽ ሰምቷል።"

"ስለዚህ እኔ ልሰረዝ ነዋ።"

"ደንቡ እንግዲህ..."

"ደንብህን ወዲያ በለው! መጀመሪያ ሃርሞኒየሙን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ ስሜን።" አንሶላውን ለቀቀች። "ለመሆኑ ካንተ ሌላ የሚያውቅ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ዝም ብለህ አትልከውም ነበር?"

"ልልከው ነበር። ግን አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ከመሃል ቢጀምረውስ? 'ለእህቱ አድልቶ ነው' ይላል። ያኔ ስምሽ መሳቂያ ይሆናል።"

ሽርጧን ፈታች። "ና፣ አሰማኝ" አለች። ለአለቃዋ ጥርሴን አመመኝ ብላ ተከተለችው።

ክፍሉ ገብተው ወናፉን ረገጠና መጀመሪያ የምድጃ ጠጋኙን አሰማት።

"ይሄ ይቸኩላል" አለች።

ቀጥሎ ከሦስተኛው ድምፅ ጀመረ። እህቱ ዓይኗን ጨፈነች።

"ይኸው። ወረደ... ቆመ... ረሳ። ይቺ የኔ ናት።"

"ድምፆቹ እኮ ያው ናቸው፣ እትዬ።"

"ያው ናቸዋ! ሰውዬው ሲጀምር ምድጃው ውስጥ ገባ፣ እኔ ስጀምር ደረጃ ወረድኩ። እሱን መጻፍ ነው ያቃተህ? ደንቡን ያወጣኸው አንተ፣ የምትፈራው አንተ!"

ቃኚው ጥቂት አሰበና ገጽ አሥራ አራት ላይ በእርሳስ ጻፈ፦ "የምድጃ ጠጋኙ፤ ከሦስተኛው ድምፅ ሲጀመር፣ የእትዬ።" ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ያለችውን ሰረዛት፤ ገጽ ሦስት ላይም ከደንቡ ሥር፣ "ዘግይቶ የመጣ ስም ከመጀመሪያው ቀጥሎ ይሰፍራል" ብሎ ጨመረ። እህቱ በትከሻው ላይ አጎንብሳ አነበበች።

"ሁለተኛ ነኝ ማለት ነው።"

"ሁለተኛ ነሽ።"

"ይሁን። ለነዚያ ለቀልደኞቹ ግን አልነግራቸውም።"

እዚህ ላይ እፎይ ማለት ነበረበት። እርሳሱን ግን አላስቀመጠም። ትምህርት ቤቱ በሙሉ የሚምለው በሱ ጆሮ ነው፤ ቅኝቶቹንም አንድ በአንድ ያስገባቸው በጆሮው አምኖ ነበር። ይቺ ካለፈችው፣ የቀሩትስ?

"ደግሞ ምን ሆንክ?" አለች እህቱ።

"ሌሎቹንም ከመሃል ጀምሬ አላየኋቸውም።"

ወደ ኮሪደሩ ስልክ ሄዶ መጽሐፉን ለምታዘጋጀው ወጣት መምህርት ደወለ።

"ጋሼ፣ ጨረሱልኝ?"

"ስሕተት አገኘሁ የኔ ልጅ። ለአንድ ቅኝት ሁለት ስም አውጥቻለሁ። ያን አርሜዋለሁ፤ ግን ሌላም ሳይኖር አይቀርም።"

ከወዲያ በኩል የወረቀት ኮሽታ ተሰማ። "ስንት ይሆናሉ?"

"አላውቅም።"

"ጋሼ፣ ዛሬ ካልገባ ተራችን ያልፋል። ሌላ ተራ የሚደርሰን የዛሬ ዓመት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ግን... የርስዎ ጆሮ እንዴት አለፈው?"

ልጅቷ ክፋት አልነበራትም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። ቀጥላም፣ "እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቅዎታለሁ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ሲመለስ እህቱ እጅጌዋን ሰብስባ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ማስመሪያ፣ በሌላው የማረሚያውን ወረቀት ይዛለች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአራት ሩብ ጉዳይ ይላል።

"እኔ ላንብብ፣ አንተ ተጫወት" አለች። "ከየድምፁ እየጀመርክ። ቶሎ በል።"

ጀመሩ። እሷ ቁጥሩን ትጠራለች፣ እሱ እየረገጠ ያዞረዋል፣ ዓይኑ በየመሃሉ ሰዓቱ ላይ ይሄዳል። አንደኛው አለፈ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው አለፉ። ስድስተኛውን ትንሽ ተከራክረውበት አሳለፉት። ዘጠነኛውን እስከ መሃሉ አንብባ አቆመች።

"ምነው?"

"ቆይ እስቲ" አለች፤ ጣቷን በምራቋ አርሳ ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረች። "ይሄን አሁን አላነበብኩትም?"

እግሩ የወናፉ መርገጫ ላይ ደርቆ ቀረ። ወናፉ የያዘውን አየር ቀስ ብሎ ተነፈሰ።