ለረጪው የተገዛች ላም

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንዲት ጥገት ላም፣ ግማሽ ማሳ ሽንኩርትና የአንድ ሰው ቀኝ እጅ ነው። ላሟንና ሽንኩርቱን ኪሳራ ብዬ ዘግቻቸዋለሁ፤ በንግድ ያረጀ ሰው በኪሳራ አይደነግጥም። እጁ ግን የእኔ አልነበረም።

መርሳ ላይ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ሱቅ አለኝ። የአትክልት ዘር፣ የውኃ ቱቦና የተባይ መድኃኒት እሸጣለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን የጨረስሁት ወልድያ መናኸሪያ ውስጥ ነው። እዚያ ደንበኛን ማየት ተማርሁ። ገበሬ መድኃኒት ሲገዛ ጽሑፉን አያነብም፣ ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል። አፍንጫውን ካልመታው «ይኸማ ውኃ ነው» ብሎ ይመልስልሃል። ስለዚህ የሚመታውን አመጣለሁ። ከሰው አፍንጫ ጋር ተከራክሮ የከበረ ነጋዴ አላየሁም።

አንድ ዓመት ሽንኩርቱን ከሰው ከምገዛ ለምን ራሴ አላለማም አልሁና ግራና በምትባለው መንደር በኩል በመስኖ የሚጠጣ መሬት ተከራየሁ። ለመርጨት የቀጠርሁት ሰው ከጉባ ላፍቶ ደጋ የወረደ፣ አርባውን የተሻገረ፣ በአካባቢው «እሱ የረጨው ማሳ ትል አያድርበትም» የሚባልለት ነበር። ከመጀመሩ በፊት አፈር በትኖ ነፋሱን ያያል። መርጫውን አዝሎ በመደቡ መካከል ሲሄድ አንዲት ቅጠል አይረግጥም። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይሰበስባል፣ መድኃኒቱን በባልዲ ከውኃ ጋር የሚያማታው ደግሞ እስከ ክርኑ እጁን ከትቶ ነው።

«እንጨት ፈልግለት እንጂ» አልሁት አንድ ቀን።

«እንጨት መቅጠኑን መወፈሩን አያውቅም፤ እጅ ነው የሚያውቅ» አለኝ። እኔም ባለሙያ ነው ብዬ ተውሁት።

በእኛ አገር ረጪ ከቀን ሒሳቡ ሌላ አንድ ሊትር ወተት አለው። ወተት መርዝ ያጥባል ይባላል። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ አባቴም ይል ነበር። ወተት የሚሰስት ባለ ማሳ በገበያ ስሙ ይነሣል፣ ዳግመኛም ረጪ አያገኝም። የመርሳ ወተት ደግሞ ውድ ነው። አሰብሁ፣ ደመርሁ፣ ቀነስሁ፤ በመጨረሻ ሐራ ገበያ ወርጄ ላም ገዛሁ። ሽንኩርት ለመርጨት ላም የገዛ ነጋዴ ተብዬ ሰነበትሁ። ረጪው ግን ወደዳት። «ሐኪሜ» ነበር የሚላት። ጧት ሲመጣ የእኔን ደኅንነት ሳይጠይቅ፦

«ሐኪሜ እንዴት አደረች?»

«ደኅና ናት፤ ትጠብቅሃለች» እለዋለሁ። ሥራውን ሲጨርስ ወተቱን ቆሞ ይጠጣና ጢሙን በዚያው በረጨበት እጁ ጀርባ ይጠርጋል።

ሽንኩርቱ ግማሽ እንደደረሰ ሁዳዴ ገባ። ያን ዓመት ረመዳንም አብሮ ነበር የገባው። የመጀመሪያው ሰኞ በልማዴ ወተቱን ይዤለት ወረድሁ። ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ።

«ምነው፣ ቀን ጠፋብህ?»

«ለመርዙ ነው እንጂ ለሆድህ አይደለም።»

«አንተስ ትጠጣለህ?»

«እኔ አልረጭማ።»

«ጾሙን ግን አብረን ነው የያዝነው» አለና መርጫውን አዘለ።

ወተቱን ጎረቤቴ ሻይ ቤት ያላት ሴትዮ ለማፍጠሪያ ትወስደው ጀመር። ላሟ ለረጪ ተገዝታ ለእኔ ማትረፍ ጀመረች። አልዋሽም፣ ለሁለት ሳምንት ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው ላብ ያጠምቀው ጀመር። ጧት ብርድ ሳለ ነው የሚያልበው። ምራቁ ይበዛል፣ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ ይላል። ቅጠል የማይረግጥ ሰው መደብ እየሳተ ሲሄድ አየሁት። «ጾሙ ነው ያዛለኝ» አለኝ። እኔ ግን ምክንያቱን አገኘሁ ብዬ ነበር፤ ወተቱ ቀርቶበት ነው።

የንስሐ አባቱን ፍለጋ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ጉዳዬን አስረዳሁ።

«አባ፣ ለዚህ ሰው ወተት ይፍቀዱለት። ታሟል።»

«ምን አመመው?»

«የሚረጨው መርዝ ነው።»

«መርጨቱን ተወው ወይ?»

«አልተወም አባ። ወተቱ የሚፈለገው እንዳይተው ነው።»

«ለታመመ ሰው ወተት እፈቅዳለሁ፤ ይጠጣ በለው። ግን ልጄ፣ የታመመ ሰው ይተኛል እንጂ እየጠጣ አይሠራም። አንተ የመጣኸው ለሰውየው ነው ወይስ ለሽንኩርቱ?»

«ለሁለቱም ነው አባ።»

ፈገግ አሉ። «ለሽንኩርቱ የሚሆን ፈቃድ እኔ ዘንድ የለም።»

የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር። ፈቃዱን ይዤ፣ እንደ ቀናው ሰው እየተቻኮልሁ ወረድሁ። ረጪው የንስሐ አባቱን ቃል ሲሰማ ወተቱን ተቀበለኝ። ሦስት ቀን ጠጣ። በአራተኛው ቀን ጧት ጠጥቶ ጀመረ፤ ሁለት መርጫ ጨርሶ ሦስተኛውን እንዳዘለ ቦዩ ዳር ቁጭ አለ። ልጠራው ስቀርብ አፉ አረፋ ይዟል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል።

በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወልድያ አደረስሁት። ሆስፒታል የተቀበለችን በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሐኪም ነበረች። የመድኃኒቱን ጠርሙስ አሳየኋት። ልብሱን አስወልቃ ገላውን በሳሙና አሳጠበችው፣ መርፌ ወጋችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ወተት ጠጥቷል» አልኋት፣ እንደሚመሰገን ሰው።

«ለምን?»

«መርዙን እንዲያጥብ።»

«መርዙ የገባው በቆዳው ነው። ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆዱ ነው። የት ይገናኛሉ?»

የሰውየውን እጅ ገልብጣ አየች።

«ጓንት የላችሁም?»

«አለ።»

«የት?»

«ሱቅ ውስጥ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ከዕቃ ጋር ተመርቆ የመጣልኝ አንድ ካርቶን የላስቲክ ጓንት ከታችኛው መደርደሪያ ሥር ሦስት ዓመት አቧራ ጠጥቷል። ከዚያ ላይ የገዙኝ በለስ የሚለቅሙ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሾህ ይታያቸዋል። የአንዱ ጥንድ ዋጋ ከሁለት ሊትር ወተት አይበልጥም። ላም ለመግዛት ስደምር ስቀንስ ያመሸሁ ሰው ያችን አልደመርኋትም።

ፋሲካ አልጋ ላይ ሳለ አለፈ። ዓይኑ ተመለሰለት፣ ላቡም ቆመ። ቀኝ እጁ ግን ጣቶቹ ደነዘዙ፤ የሸሚዝ ቁልፍ ሚስቱ ናት የምትቆልፍለት። ሐኪሟ መድኃኒት በደረሰበት እንዳትደርስ አለችው። ለሱ ይህ ማለት እንጀራህን ተው ማለት ነበር።

«ሐኪሜን አትቆጣት» አለኝ ወደ መርሳ ስንመለስ። ላሟን ነው። «የተጠየቀችውን ሰጥታለች።»

ሌላ ረጪ ፈለግሁ። ጓንት ያላጠለቀ አይረጭልኝም አልሁ። የመጀመሪያው «ጓንት? ሚዜ ነኝ ወይ?» ብሎኝ ሄደ። ሁለተኛው ወተቱን ብቻ ስጠኝ አለ። ሦስተኛው እስኪገኝ ትሉ ግማሹን ማሳ ጨርሶት ነበር። ላሟን ለሰውየው መታከሚያና ለቤቱ ቀለብ ብዬ ወደ ሐራ መልሼ ወሰድኋት።

«ለምን ትሸጣታለህ? ታመመች?» አለኝ ገዥው።

«የለም፤ ያልተፈጠረችለት ሥራ ተሰጥቷት ነው።»

ዛሬ ሰውየው ገበያ ላይ ሽንኩርት ይመዝንልኛል። በግራ እጁ ነው የሚጽፈው፣ ጽሑፉ እንደ ጉንዳን ይሄዳል፤ ገበሬው ግን ከእኔ ይልቅ እሱን ያምናል። ጓንቱን ወደ ፊተኛው መደርደሪያ አምጥቼዋለሁ፣ ጠርሙስ ለሚገዛ ሁሉ አንድ ጥንድ ጨምሬ እሰጣለሁ። ገሚሱ ለሚስቱ ይወስደዋል፣ ገሚሱ በር ላይ ጥሎት ይሄዳል። የሚሸተውን መድኃኒት አሁንም እሸጣለሁ፤ የማይሸተውን ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ፣ አንዳንድ ሰው ይገዛዋል።

ላሟ ተሸጣለች። ማሳው ለባለቤቱ ተመልሷል። ካርቶኑ ውስጥ አራት ጥንድ ጓንት ቀርቷል። የሰውየው እጅ እንደ ደነዘዘ ነው።