መምህር ኃይለልዑል ተዛውሯል

መምህር ኃይለልዑል ከሮቤ ወደ ደብረ ብርሃን መዛወሩን የሰማሁት ከራሱ አፍ ነው፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በግድግዳዬ በኩል፣ እየጮኸ። በዚያ ሰዓት እሱ እዚሁ ሮቤ፣ እኔ ግቢ ውስጥ፣ በካልሲው ቆሞ ነበር።

ዑስማን እባላለሁ። ከስልጤ መጥቼ ሮቤ ላይ ብርድ ልብስ መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በባሌ ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ከአላህ ቀጥሎ የሚያመሰግነው ውርጩን ነው። ከሱቄ ጀርባ ያሉትን ክፍሎች አከራያለሁ፤ ከተከራዮቼ ሁሉ ስምንት ዓመት ሳይነቃነቅ የኖረው ይህ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ጨዋ ሰው ነው። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ በር ሲዘጋ እንኳ አይሰማም። ያለው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ዝውውር። እናቱ እማማ ሸዋርጋ ደብረ ብርሃን ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ከክልል ወደ ክልል መዛወር ደግሞ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ከማለፍ ብዙም አይቀልም። በየዓመቱ ፎርም ይሞላል፤ በየዓመቱ "ለሚቀጥለው ዓመት" ይሉታል።

ባለፈው መስከረም አንድ አሰልጣኝ ጎባ መጣ። ስለ አዎንታዊ ጸሎት ነበር የሚያሠለጥነው። መምህር በጠዋቱ ሚኒባስ ሄዶ በማታው ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ።

"ጋሽ ዑስማን፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ስሳሳት ነው የኖርኩት" አለኝ። "'አዛውረኝ' እያልኩ እለምን ነበር። መለመን እኮ እንደሌለኝ ማመን ነው። 'ተዛውሬያለሁ፣ አመሰግናለሁ' ነው የሚባለው።"

"ኢንሻአላህ" አልኩት።

"አዩ! ጥርጣሬ ማለት እሱ ነው!"

ስልሳ ዓመት ኢንሻአላህ ማለት የለመደ ምላሴን የግማሽ ቀን ሥልጠና ጥፋተኛ አደረገብኝ።

በማግሥቱ ተጀመረ። "ተዛውሬያለሁ! ደብረ ብርሃን ነኝ! ከእናቴ ጋር ቁርስ እየበላሁ ነው!" ይላል። ከዚያ ወጥቶ እኛ ቤት ይመጣና ሁለተኛ ቁርሱን ይበላል። ባለቤቴ በቅቤ የታሸውን የገብስ ጩኮ እያቀረበችለት "እናትህ ጋ አልጠገብክም እንዴ?" ትለዋለች። እሱ በደስታ ይስቃል። አንድ አካል በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊገኝ እንደማይችል ለልጆቻችን የሚያስተምረው ይኸው ሰው ነው።

እምነት ያለ ሥራ አይሆንምና ሥራውም ተከተለ። አልጋውን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለዳቢሴ ሰጠው። ዳቢሴ ያንን አሰልጣኝ እስከ ዛሬ ይመርቀዋል፤ ከዚያ ሥልጠና የተጠቀመ የማውቀው ሰው እሱ ብቻ ነው። ፎርም የሚሞላበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ መምህር አልሞላም።

"ለምን?" አልኩት።

"የተዛወረ ሰው የዝውውር ፎርም ይሞላል እንዴ?"

እውነቱን ነው፣ አይሞላም።

እኔም ነጋዴ ነኝ። ሰውዬው በየማለዳው መሄዱን ይናገራል፤ ግድግዳዬ ምስክሬ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ለአንዲት ሩሀማ ለምትባል ነርስ አከራየሁት። ልቡ ይመለሳል፣ ተቆጥቶም ይሁን ተጣልቶኝ ወደዚህ ዓለም ይመጣል ብዬ ነበር። እሱ እቴ! "ክብር ለእግዚአብሔር፣ መንገዱ እየተጠረገ ነው!" ብሎ ፍራሹን ተሸክሞ ብርድ ልብስ የማከማችበት መጋዘን ገባ። ሩሀማን ዕቃዋን አግዞ ያስገባትም ራሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። ፋሲካ ሲደርስ ግን ሳቄ አለቀ። ትምህርት ተዘግቷል፣ መንገዱ ደህና ነው፣ እናትየው በየሳምንቱ ይደውላሉ።

"ሂድና ጠይቃቸው እንጂ" አልኩት።

"ጋሽ ዑስማን፣ ቤቱ ያለ ሰው እንግዳ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል? ለጥየቃ ከሄድኩ አልተዛወርኩም ማለቴ ነው። የሰባት ወር ጸሎቴን አፈርሳለሁ።"

ስልኩ ሲጮህ አነሳና "እማዬ፣ እኔ እኮ አንቺው ጋ ነኝ። አብሬሽ ነኝ፤ እመኚኝ" አላቸው። ተናደድኩ። እናቴን ከቀበርኩ አሥር ዓመቴ ነው፤ በሕይወት ያለች እናት በስልክ ስትሸነገል መስማት ያመኛል። ያን ቀን ሰላም ሳልለው ገባሁ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ከሰዓት ላይ አንዲት ባልቴት የሚኒባስ ረዳት ክንድ ይዘው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ረዳቱ በአገሩ የአክብሮት አጠራር "አባቦ፣ እንግዳ አምጥቼልሃለሁ" ብሎኝ ሮጠ። ሴትዮዋ በእጃቸው ብርድ ልብሶቹን እየዳሰሱ ገቡ።

"የኃይለልዑል ቤት እዚህ ነው አሉኝ።"

"ተዛውሯል" ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ መለስኩት። ወንበር ሰጥቼ ሰው ላክሁበት። የቾክ ብናኝ እንደለበሰ እየሮጠ መጣና ፊታቸው ተገተረ። እሳቸው ግን በትከሻው በኩል መንገዱን ያዩ ነበር።

"ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

"ወደ ብርሃኑ ዞር በል እስቲ።" ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ በሩ አዞሩት። ብዙ ቆዩ። "ከስተሃል" አሉት በመጨረሻ።

"ዓይንሽ ምን ሆነ?"

"የዓይን ሞራ ነው አሉኝ፣ ይነሳል። ሐኪሙ 'ካወጣንልሽ በኋላ የሚመራሽ፣ አብሮሽ የሚያድር ሰው አለሽ?' አለኝ። 'ልጄ አለ፤ አብሬሽ ነኝ ብሎኛል፣ ትናንትናም ብሎኛል' አልኩ። የቀጠሮው ቀን ተራዬ ደርሶ 'አብሯት ያለው ማነው?' ብለው ተጣሩ። ጠበቅሁ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዝም። 'ሰው ሲኖርሽ ትመጫለሽ' ብለው መለሱኝ። 'እኔ ዋሾ አይደለሁም፣ ልጄም አይዋሽም' አልኳቸው። ከዚያ፣ ምናልባት መንገዱ ጠፍቶት ይሆናል ብዬ ዓይኔ ሳይጠፋ እኔው መጣሁ።"

መምህር መሬት ላይ ተቀመጠ። "እማዬ፣ መዋሸቴ አልነበረም። በእምነት ነው የተናገርኩት።"

"እምነትማ ደግ ነው፣ ልጄ። እኔም አምኜህ ነው የጠበቅሁህ።"

እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር አሰልጣኝ ቢመጣ እኔም ከፍዬ እሄድ ነበር። መምህር ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔ የታጠፈውን ብርድ ልብስ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩ። ሩሀማ ነገሩን ስትሰማ ማንም ሳይጠይቃት ክፍሉን ለእናትና ልጅ ለቅቃ ልጆቼ ጋ አደረች። እሷን ሳይ ክፍሉን ያከራየሁበትን ብልጠቴን ማስታወስ አልፈለግሁም።

በማግሥቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደለመድኩት ነቅቼ ጠበቅሁ። ጩኸት የለም። ቀድሞ የመጣው የእማማ ሸዋርጋ ድምፅ ነው። "ልጄን በዓይኔ ስላሳየኸኝ ተመስገን። ከዛሬ አድርሰኸኛል፣ ተመስገን" አሉ። የያዙትን ብቻ እየቆጠሩ ነበር የሚያመሰግኑት። ከዚያ የእሱ ድምፅ፣ ተሰብሮ፣ "እባክህ" አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ስምንት ወር ሙሉ ከእሱ አፍ ከሰማሁት ሁሉ ጸሎት የመሰለኝ እሱ ነው።

የዘንድሮው የዝውውር ጊዜ አልፏል። ለዓይናቸው ግን ጎባ ሆስፒታል ቀጠሮ ተገኘ። በቀኑ እኔም ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። እማማ ሸዋርጋ አግዳሚው ላይ በመካከላችን ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ደጋግመው ያስተካክላሉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገታቸው ቀና ይላል። አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ወጣች።

"ወይዘሮ ሸዋርጋ! አብሯቸው ያለው ማነው?"

ያን ሁሉ ጠዋት ሲጮህ የኖረ ሰው ድምፁ እምቢ አለው። ተነሣና እንደገና ሞከረ።

"እኔ ነኝ" አለ። "እዚህ ነኝ።"

ነርሷ ስላልሰማች ደግማ ጠራች። እናቱ ግን ሰምተዋል፤ ወደ ድምፁ እጃቸውን ዘረጉ።