ጋሽ ጋዲሳ ከቤት የወጡባት ቅዳሜ

ጃለኔ ጋዲሳ ተወልዳ ያደገችው ካዛንቺስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። ሰፈሩ የስብሰባ ሰፈር ነው። ባንዲራ የሰኩ ጥቁር መኪኖች መመላለስ ሲጀምሩና መንገድ ሲዘጋጋ የሰፈሩ ሰው "ደግሞ ጉባኤ መጣ!" ብሎ ያማርራል። ለጃለኔ ግን ጉባኤ እንጀራዋ ነው፤ እንግዶቹ ከአዳራሽ ሲወጡ ከተማውን የምታዞራቸው እሷ ናትና።

ሥራውን ያገኘችው እንዲሁ በአጋጣሚ ነበር። አዳራሽ በር ላይ ቆማ ባጅ ስታድል አስጎብኚው ቀረና አለቃዋ፣ "አንቺ እንግሊዝኛ ትሞክሪያለሽ አይደል? በቃ ውጪ!" ብሎ አውቶቡስ ላይ ሰቀላት። ማይክ ያዘች። እንጦጦ ሲደርሱ እንግዶቹን ማሳቅ ጀምራ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ማይኩን አልለቀቀችም።

ቤቷ ግን እንደ አውቶቡሱ ሳቅ የበዛበት አልነበረም። አባቷ ጋሽ ጋዲሳ ዕድሜያቸውን ሁሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የዓይን ግፊት ቀስ በቀስ ብርሃናቸውን ነጠቃቸው፤ ሚስታቸውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ከዚያ በኋላ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ይውላሉ። ጃለኔ ልብሳቸውን በንጽህና፣ ምግባቸውን በሰዓቱ ታቀርባለች። እሷ ሥራ ስትወጣ ጎረቤታቸው ገበያነሽ ትጠብቃቸዋለች። "እንዳይወድቁብን" እያሉ ሁለቱ ሴቶች ከግቢው በር አያሳልፏቸውም። ጋሽ ጋዲሳም እያደር "ልውጣ" ማለቱን ተዉት።

በ2002 ዓ.ም. ስለ ከተማ ትራንስፖርት የሚመክር ጉባኤ መጣ። አርብ ከሰዓት ጃለኔ እንግዶቿን ሹፌሩ ነጋሲ በሚነዳው ኮስተር አውቶቡስ ጭና ወጣች። ከፊት ወንበር የተቀመጠው ሚስተር ፊሪ የሚባል የማላዊ ጠበቃ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። እሷም እንደ ልማዷ፣ "በስተቀኝ የምታዩት… በስተግራ የምታዩት…" እያለች ቀጠለች።

"እመቤት፣" አላት ሚስተር ፊሪ ፈገግ ብሎ፣ "ለእኔ ቀኙም ግራውም አንድ ነው። መስኮቱን ክፈቺና ምን እንደሚሸት ንገሪኝ።"

ጃለኔ ፊቷ ጋለ። "ይቅርታ፣ ማለቴ…"

"ይቅርታውን ተይው። መውረድ አይቻልም?"

እንግዶቹም "እንውረድ!" አሉ። ነጋሲ ቄራ አካባቢ ጥግ አስይዞ አቆመ። ጃለኔ አባቷን እንደምትይዛቸው የሰውየውን እጅ አንጓ ጨበጥ አድርጋ ልትጎትተው ስትል፣ በቀስታ አስለቀቃት።

"አትያዢኝ፤ እኔ ልያዝሽ" አለና ክንዷን ከክርኗ በላይ ያዘ። "አንቺ ዝም ብለሽ ሂጂ። ሰውነትሽ ሁሉንም ይነግረኛል።"

ሄዱ። ቢላ የሚስለውን ሰውዬ ቆመው ሰሙ። አንዱ ባለ ሥጋ ቤት ጠርቷቸው የሚዛኑን ድንጋይ ዓይነ ስውሩን እንግዳ በእጁ አስመዘነው። የሚስተር ፊሪን ልብ የሰረቁት ግን ወያሎቹ ነበሩ። "ቄራ፣ ጎተራ፣ ሳሪስ!" እያለ አብሯቸው ሲጣራ፣ አንዲት ሴትዮ ዘንቢላቸውን ይዘው "ታክሲው የቱ ጋ ነው የቆመው?" ብለው መጡ። የሰማው ሁሉ ሳቀ።

ወደ አውቶቡሱ ሲመለሱ ጃለኔ ሳታስበው፣ "አባቴም አያይም" አለችው።

"ዛሬ ምን ሠርቶ ዋለ?"

"ቤት ነው።"

"ትናንትስ?"

ጃለኔ የአውቶቡሱን በር ከፈተችለት።

"ነገ ይዘሽው ነይ" አላት። "ከእኔ ጎን ይቀመጥ። ተይ፣ እምቢ ይላል አትበዪኝ፤ እምቢ እንደሚልማ አውቃለሁ። አንቺ ግን ይዘሽው ነይ።"

ጋሽ ጋዲሳ እውነትም እምቢ አሉ። "የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?"

"አባባ፣ እንግዳው ራሱ ነው እርስዎን የጠየቀው።"

"እኔን? የማላዊ ሰው?" ሬዲዮናቸውን ዘጉት። "እስቲ ያን ግራጫ ኮቴን ፈልጊልኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት ነጋሲ በሩን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው። "ጋሼ፣ ባለ ሙያ ተሳፈረብኝ። ዛሬ ተጠንቅቄ ነው የምነዳው!"

ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሽ ጋዲሳ መጀመሪያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሞተሩን ያዳምጡ ነበር። ለገሃርን ሲያልፉ ግን አንገታቸው ቀና አለ። በየመታጠፊያው "ይሄ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው" ማለት ጀመሩ። አንዳንዱ ልክ ነበር፤ አንዳንዱ ፈርሶ ሌላ ሆኗል። ጃለኔ ለሚስተር ፊሪ ታስተረጉማለች፣ እሱም ይጠይቃል፣ እሳቸውም ይመልሳሉ። ድንገት ጋሽ ጋዲሳ የፊት ለፊቱን ወንበር ጨበጡ።

"ነጋሲ! ወዴት ወሰድከን? እዚህ ጋ ዳገት የለም!"

"ጎተራ ነው ጋሼ። ማሳለጫው።"

"የምን ማሳለጫ?"

ጃለኔ ማይኩን አስቀምጣ አጠገባቸው ተንበረከከች። ሁለት እጆቿን አንዱን ባንዱ ላይ አነባብራ መዳፋቸውን አስነካቻቸው። "ይኸውልዎ፣ አንዱ መንገድ ከላይ ያልፋል፣ አንዱ ከታች። እየዞሩ እርስ በርስ ይገናኛሉ።"

"መንገድ በመንገድ ላይ? መብራትስ?"

"የለም።"

"ትራፊክም የለም?"

"እሱም የለም አባባ።"

"ወይ ጉድ! እኛን እዚህ ጋ ስንቱን ሰዓት አስቁመውን!" ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ነጋሲ፣ ልጄ… አንዴ ብትደግመው?" አሉ።

ሚስተር ፊሪ "ምን አሉ?" ብሎ ጠየቀ። ስትነግረው፣ "ይድገመው!" ብሎ ጮኸ። እንግዶቹም ሁሉ ተቀበሉት። ነጋሲ መሪውን ጠመዘዘ። ያን ጊዜ ጃለኔ የአባቷን እጆች አየች፤ አየር ላይ መሪ ጨብጠው፣ ከመንገዱ እኩል ቀስ ብለው ይዞሩ ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ እንባዋን ጠረገች።

ሚስተር ፊሪ ከመሄዱ በፊት በትርፍ የያዘውን ተጣጣፊ ነጭ ዘንግ ሰጣቸው፤ በሆቴሉ ግቢ እየተራመደም አለማመዳቸው። "እግርዎ ከዘንጉ አይቅደም" ይላል፣ ጃለኔ ታስተረጉማለች፣ ጋሽ ጋዲሳ ደግሞ "እሺ፣ አለቃ!" ይላሉ።

ጋሽ ጋዲሳ በዘንጉ መጀመሪያ እስከ ግቢው በር፣ ቀጥሎ እስከ ሱቁ፣ ከዚያ መናኸሪያው ጋ የድሮ ጓደኞቻቸው እስከሚቀመጡበት ድረስ ሄዱ። አንድ ቀን ቱቦ ውስጥ ገብተው ጉልበታቸው ተልጦ መጡ። ጃለኔ አለቀሰች።

"ምን ያስለቅስሻል? የተቀመጠ ሰው መቼ ይወድቃል? እስቲ አልኮሉን አምጪ" አሏት።

ሚስተር ፊሪን ዳግም አላገኘችውም። ከማላዊ የመጣ እንግዳ ባየች ቁጥር "ታውቀዋለህ?" ብላ ትጠይቃለች፤ እስካሁን የሚያውቀው አላጋጠማትም። ማታ ስትጸልይ ግን ስሙን ከአባቷ ስም አስከትላ ትጠራዋለች። "ያን ቀን አፍሮ ዝም ቢለኝ ኖሮ፣ እኔም አፍሬ ዝም ብለው ኖሮ…" ትላለች። አትጨርሰውም። እንግዶቿን የምታስጎበኝበትንም መንገድ ከዚያ ወዲህ ቀየረች፤ ጉብኝት በወጡ ቁጥር አንድ ቦታ ሳታስወርዳቸው አትመልሳቸውም።

አንድ እሑድ ገበያነሽ የጃለኔን በር አንኳኩታ ገባች። ልጇ ልብሱን አጥቦ አስጥቶ ወጥቷል፤ እሷም ለቅሶ መሄድ አለባት።

"ጋሼ የሉም? ልብሱን እንዲጠብቁልኝ ነበር።"

"ቄራ ሄደዋል። ዲሪባ ጋ፤ አብረው የነዱት ጓደኛቸው።"

"ብቻቸውን?"

"በታክሲ።"

"ኧረ እንዲያው ምን ይሻላል! ድሮ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ግቢያችንን የሚጠብቁልን እሳቸው ነበሩ" አለች ገበያነሽ ወገቧን ይዛ። "አሁን ማን ይጠብቅልን?"

ጃለኔ ሳቀች። "ተመስገን በይ" አለቻት፤ ወጥታም የጎረቤቷን ልብስ ከገመድ ላይ ትለቅም ጀመር።