ባቡሩ መቐለ ያልገባበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ምድር ባቡር ነበረን። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አይጠፉም፤ እንኳን በሰው ቤት ጓዳ በመቐለ ከተማም ባቡር ታይቶ አያውቅምና። እኛ ግን ነበረን። የእናቴ አባት፣ አባባ ዘውዴ፣ ዕድሜውን ድሬዳዋ በምድር ባቡር ሥራ ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ እማዬና እኔ ብቻችንን ወደምንኖርበት ቤት መጣ። አያቴ የመቐለ ልጅ ነበረች፤ ቀድማው ሞታ እዚሁ ስለተቀበረች፣ ከእሷ አፈር ርቄ አልኖርም ብሎ ነው የመጣው። ጥቂት እንደሰነበተ ሥራ መፍታት አመመው። አንድ ቀን ከግቢያችን ጥግ የተጣለ አሮጌ በር አነሣና በጓሮው ክፍል ሁለት በርሜል ላይ አጋደመው። «እንግዲህ ድሬዳዋ እዚህ ጋ ናት» ብሎኝ በእርሳስ ክብ ሠራ።

የባቡሩ ራስ የሰርዲን ቆርቆሮ ነበር። ፉርጎዎቹ የክብሪት ሳጥኖች፣ መንኰራኩሮቹ በመዶሻ የተቀጠቀጡ ቆርኪዎች፣ ሐዲዱ ደግሞ የተቃና የአጥር ሽቦ። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙትን እንጨቶች ከባሕር ዛፍ ጭራሮ እየቆረጥኩ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። አባባ መበየጃ ብረቱን የከሰል ፈርኔሎው ፍም ውስጥ ከትቶ ቀይ እስኪሆን ያግለዋል፤ ከዚያ እርሳስ እያቀለጠ ሽቦውን ያጣብቃል። ክፍሉ በከሰልና በቀለጠ እርሳስ ሽታ ሲታፈን እማዬ ከወዲያ ሆና «አባዬ፣ ልጅቷን በጢስ ልትፈጃት ነው እኮ!» ትለዋለች። ባቡሩን የምታንቀሳቅሰው ሞተር ከሞተ ቴፕ የወጣች ነበረች። የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅባት ድንጋዩን ቀኑን ሙሉ ግንቡ ላይ ፀሐይ እናሰጣዋለን፤ ማታ ሲገባላት ለአንዲት ተረት ያህል ነፍስ ይዘራባታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለቀማ እንወጣ ነበር። እዳጋ ሰኑይ ገበያ ገብተን አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ስንርመሰመስ፣ ጨው ከሚቸረችሩት ፊት የረገፈውን ፍርፋሪ ለፉርጎዎቹ ጭነት ስንለቅም፣ ከእንዳ ኢየሱስ በታች ድንጋይ ከሚጠርቡት እግር ሥር ለጣቢያዎቹ ግድግዳ የሚሆን ስንጣሪ ስንመርጥ እንውላለን። የተሰበረ መስታወት ካገኘን ሐይቅ ይሆናል። ሰፈሩም ገባበት፤ ቆርኪ የሚጥል ሰው ጠፋ። ጎረቤታችን አደይ አብረኸት በኪሷ ሞልታ ታመጣና «እዋይ አቦይ ዘውዴ! ሰው ጡረታ ሲወጣ ዳዊት ይደግማል፤ እርስዎ ቆርኪ ይለቅማሉ» ትለው ነበር። እሱም «ዳዊቱንም ፉርጎ ላይ እጭነዋለሁ፣ አትቸኩዪ» ይላታል።

ተረቱ የሚጀምረው ሲመሽ ነው። አባባ ከድሬዳዋ ያመጣት አንዲት የባቡር ፋኖስ ነበረችው፤ ባንድ ጎኗ ቀይ፣ ባንድ ጎኗ አረንጓዴ መስታወት ያላት። ላምባው እየተንጨረጨረ ጢሱ ወደ ጣሪያው ሲወጣ፣ አረንጓዴውን ወደ ባቡሩ ያዞርና ባቡሩ ይሄዳል፤ ጣቢያ ሲደርስ ቀዩን ያዞራል። ቀይ ሲበራ ተረት ነው። «ባቡር ቆመ! ማን ተሳፈረ?» ይለኛል፣ እኔም የመጣልኝን እጠራለሁ፣ እሱም ያንኑ ይዞ ተረት ያደርገዋል።

አንድ ምሽት «ዶሮ!» አልኩት። ዶሮዋ ሚኤሶ ላይ ያለ ቲኬት ተሳፈረች። ቲኬት ቆራጩ መጥቶ ሲያፋጥጣት ክንፏን ብትበረብር ምንም የለ፤ ጨነቃትና ቁጢጥ ብላ እንቁላል ጣለች፣ «ይኸው ቲኬቴ» አለችው። እሱም ወግ ነውና እንቁላሉን በመቁረጫው ሲበሳው ጫጩት ወጣች። «በሉ እንግዲህ ሁለት ሆናችኋል፣ የሁለት ክፈሉ!» አለ ቲኬት ቆራጩ። ያኔ ሆዴን ይዤ የሳቅሁትን ሳቅ ከዚያ ወዲህ ስቄው አላውቅም።

ተረቱ ሲያልቅ፣ አረንጓዴው ከመዞሩ በፊት፣ አባባ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል። «ግርማስ?» ይለኛል። እኔ «መስኮቱ ጋ ተቀምጧል!» ካላልኩ ባቡሩ አይነሣም።

ግርማ የአባባ አንድ ወንድ ልጅ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። የአባቱን ሥራ ወርሶ እዚያው ድሬዳዋ በባቡር ላይ ይሠራ ነበር። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ቃል ከገባ ወዲህ አባባን እንደ ልጅ አደረገው። እስከ አዋሽ ድረስ የምናውቀውን ሐዲድ ከዘረጋን በኋላ «አሁን ወደ ሰሜን እንታጠፋለን» አለኝ። ወደ ሰሜን ሐዲድ እንደሌለ ያኔ አላውቅም ነበር። በየምሽቱ ጥቂት ሽቦ እየቀጠልን፣ በየጣቢያው ተረት እየተረትን፣ ኮምቦልቻን፣ ወልዲያን፣ አላማጣን አለፍን። «ባቡሩ መቐለ ሲገባ ግርማም በእግሩ በራችንን ያንኳኳል» ይለኝ ነበር፣ እኔም እንደ ሃይማኖት አመንኩት።

ባቡሩ ማይጨው በደረሰበት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአደይ አብረኸት ቤት የታፈነ ልቅሶ ሰማሁ። ገብቼ ሳይ ምንጣፍ ተነጥፎ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። መካከላቸው እማዬን ጥቁር ለብሳ አየኋት፤ ጠዋት ስለያት የለበሰችው ሰማያዊ ነበር። ስልክ ያኔ በሰፈራችን ያለው አደይ አብረኸት ቤት ብቻ ስለሆነ ወሬው የገባው በዚያ ነው። ግርማ ታሞ፣ ሳይሰነብት ሞቷል። አደይ አብረኸት ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «ጓለይ፣ ኣጆኺ፤ በርቺ ልጄ። አባባሽ እንዳይሰማ። ሞት እንዲህ ከመንገድ አይለቀምም፣ በወጉ ነው የሚነገረው» አለችኝ።

መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት ጎሕ ሲቀድ ሄደው፣ ባለ ሐዘኑን ከተኛበት አንሥተው፣ ደግፈው ነው የሚያረዱት። የአባባ ልብ ደካማ ስለነበር ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዘመዶች ይጠበቁ ተባለ። እስከዚያው ሐዘኑ አደይ አብረኸት ቤት ተቀመጠ። እማዬ ጠዋት ሰማያዊዋን ለብሳ ትወጣለች፣ እዚያ ገብታ ጥቁሩን ትለብስና ታለቅሳለች፣ ማታ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባ፣ ሰማያዊዋን መልሳ ለብሳ ለአባቷ እራት ታቀርባለች። ዓይንሽ ምን ሆነ ሲላት «የከሰሉ ጢስ ነው» ትለዋለች።

እኔ ደግሞ በየምሽቱ ፋኖሱ ፊት መቀመጥ ነበረብኝ። ብቀር ይጠረጥራል ብዬ ፈራሁ። «ግርማስ?» ሲለኝ «መስኮቱ ጋ ተቀምጧል» እላለሁ፤ ድምፄ ከእኔ የሚወጣ አይመስለኝም። አጎቴን የማውቀው ጥቂት ነው፣ ለእሱ እንኳ ብዙ አላለቀስኩም። ያስለቀሰኝ የአባባ ደስታ ነው። ሽቦ ሲቆርጥ ያንጎራጉር ነበር። የመቐለን ጣቢያ በቢጫ ስንጣሪ ገንብቶ፣ በሩን ሰፊ አድርጎ ሠራው፤ ግርማ ረጅም ስለሆነ እንዳይጎነበስ ነው አለኝ።

በመጨረሻው ምሽት ባቡሩ ኵሓ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጣቢያ መቐለ ነው። እማዬ ከእራት በኋላ ጋደም እንዳለች ከነልብሷ እንቅልፍ ጣላት። አባባ ፋኖሱን ቀይ አደረገና ማን ተሳፈረ አለኝ፣ ድመት አልኩት። የድመቷን ተረት አንዲት ቃል አላስታውስም። ሲጨርስ እጁን ፋኖሱ ላይ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ፣ «ግርማስ?» አለኝ።

 ቃሉ እዚያው ምላሴ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ካልኩ ባቡሩ መቐለ ይገባል፣ በሩም አይንኳኳም።

«ትርሓሴ፣ ግርማስ?» አለ ቀስ ብሎ።

ሽቦውን አየሁ እንጂ አልመለስኩም። ሦስተኛ አልጠየቀኝም። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየ፣ ከዚያ እማዬ የተኛችበትን ክፍል በር አየ።  እጁ ፋኖሱ ላይ እንዳለ ነበር፣ ግን አላዞረውም። «እንግዲያው ባቡሩ ዛሬ እዚሁ ይደር» አለኝ። ግንባሬን ስሞ ሂጂ ተኚ አለኝ። አሁን ይጮኻል፣ አሁን ይወድቃል እያልኩ ብርድ ልብሴን አፌ ውስጥ ጎርሼ ጠበቅሁ። ምንም ሳልሰማ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ዘመዶቹ ለካ በዚያው ምሽት ደርሰው ኖሯል። ሲነጋጋ ውሻው ጮኸ፣ ሽማግሌዎቹና ቄሱ ገቡ፣ እማዬም ከአደይ አብረኸት ቤት ጥቁሯን ለብሳ መጥታ ከኋላቸው ቆመች። አባባን ሊቀሰቅሱት ነበር፤ እሱን ግን ጋቢውን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኙት። «ምነው በማለዳው? ደኅና ናችሁ?» አላቸው፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው። ቄሱ ትከሻውን ይዘው «ዘውዴ፣ በርታ። ግርማ አርፏል» ሲሉት ነው ያን ጊዜ የጮኸው። «ልጄን! ልጄን!» እያለ ደረቱን ሲመታ ሁሉም አሁን የሰማ መሰላቸው። እማዬ እግሩ ላይ ወድቃ «ደብቄህ ነው አባዬ፣ ይቅር በለኝ» ስትለው አነሣትና «ደግ አደረግሽ። ምንም አላወቅሁም» አላት። ይህን ሲል በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየኝ።

ለቀስተኛ ሲበዛ የጓሮው ክፍል ተፈለገ። ጎረምሶቹ አሮጌውን በር ከነጣቢያዎቹ ተሸክመው ወደ ግቢ ሲያወጡት ጨውና ስንጣሪው እየተንጠባጠበ መንገድ ሠራ። አባባ ዳግመኛ ሽቦ አልቆረጠም። ሰዎች በልማዳቸው ቆርኪ ማምጣታቸውን አልተዉም፤ እሱም እያመሰገነ ይቀበልና ለሰፈሩ ልጆች ያድለዋል።

ዓመታት አለፉ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ እሱ ዓይኑ ደክሞ፣ ቀኑን ግቢ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። የእውነት ሐዲድ ወደ መቐለ ሊዘረጋ ነው የሚባልበት ሰሞን ነበር፤ አፈሩ ተቆፍሮ ቆሞ የቀረው ኋላ ነው። አንድ አመሻሽ ወሬውን ሰምቶ «ይምጣ» ብቻ አለ። ያን ጊዜ ደፈርኩና ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ያን ምሽት አውቀህ ነበር አይደል?»

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ሌሊቱን እንዴት ቻልከው?»

ሬዲዮውን ዘጋ። «እናትሽ ተኝታ ነበር» አለኝ። «ሰሞኑን ሙሉ ሌሊት ሌሊት ስትንጎራደድ እሰማት ነበር፣ ምን እንደሆነች ግን አላወቅሁም። አንቺ ዝም ስትዪኝ ገባኝ። ወንድሟ እኮ ነው የሞተው። እኔን ለማኖር ብላ ሐዘኗን እንኳ በወጉ አልተቀመጠችም። ያን ማታ ደግሞ እንቅልፍ ወስዷታል። ባለቅስ ትነቃለች፤ እስኪነጋ ትተኛ ብዬ ነው።»

አባባ ካረፈ ቆይቷል። ከተረቶቹ አብዛኞቹ ከእኔ ጠፍተዋል፤ ልጆች ሲጠይቁኝ መጀመሪያውን ይዤ መጨረሻው ይጠፋኛል። ከእኔ ያልጠፋው እሱ ያልተረተው ያ ሌሊት ነው። አንድ ሽማግሌ በጨለማ ጫማውን አስሮ፣ አፉን በጋቢው ይዞ፣ የልጁን ሞት ብቻውን ሲያሳድር በዓይኔ አየዋለሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ሴት ልጁ ትተነፍሳለች።

እማዬ አሁን አርጅታለች። የግርማ ነገር በተነሣ ቁጥር የሚቆጫት አንድ ነው፦ «ወንድሜ ሞቶ፣ አባቴ ሳያውቅ፣ እኔ በዚያች ሌሊት እንዴት እንደ ከብት ተኛሁ?» ትላለች፣ ፊቷንም በነጠላዋ ትሸፍናለች። ያ እንቅልፍ አባቷ የሰጣት መሆኑን አታውቅም። ልነግራት ስል ምሽት ይሆናል፣ ደክሟታል፣ እተወዋለሁ። መንገሬ ግን አይቀርም። በአንዱ ቀን፣ ጠግባ ተኝታ ከተነሣች በኋላ፣ ሲነጋ።