ያልዞረው መሪ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ያዘዝሁትን የዓሣ ጥብስ ስጠብቅ፣ አንድ ጎረምሳ ከጀልባው መሪ ጋር ሲታገል አየሁ። መሪው አልዞር ብሎታል። በሁለት እጁ ሳበው፣ በትከሻው ገፋው፣ በመጨረሻም በእርግጫ አለው። የአደጋ ሰደርያ ያጠለቁት ተሳፋሪዎች ይስቃሉ። ተነሥቼ መሪውን እንዲተወው፣ በሽታው ከኋላ ሞተሩ ላይ መሆኑን፣ ሳይፈታ ደግሞ ከዳር እንዳይንቀሳቀስ ነገርሁት። ሽማግሌ ምን ያውቃል በሚል ዓይን አየኝ። ቢሆንም እንደ ማፈር ብሎ ሞተሩን አጠፋና ሰዎቹን አስወረደ። ዓሣው ሲመጣ ግን የመብላት ፍላጎቴ ጠፍቶ ነበር።

እኔም በጎረምሳነቴ እንዲያ ነበርሁ፤ ጋራዥ ውስጥ ያደግሁ፣ እጄ ከአፌ የሚቀድም፣ ወደ ጠብ ለመግባት ጥሪ የማልጠብቅ። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ ሐይቁ መካከል ባለ አንድ ገዳም ያገለግላሉ፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ያን ያህል ተማሪ ሲያፈሩ ከሁለት ወንድ ልጆቻቸው አንዱም ዜማ አልተማረላቸውም። እኔ ወደ ጋራዥ፣ ታላቄ አስማረ ወደ ውኃ ሄድን። የገዳሙን የብረት ጀልባ የሚነዳው አስማረ ነበር፤ እህል፣ ጧፍና ተሳላሚ ያመላልሳል። ስንጣላ አባታችን፣ አንዱ ዘይት አንዱ ውኃ ሁናችሁ መቼ ልትዋሐዱልኝ ነው ይሉን ነበር። የምንጣላውም ብዙ ጊዜ ነው።

የጀልባ መሪ ነገሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ከኋላ ይንጠለጠላል፣ መሪው ከፊት ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ወፍራም የብረት ገመድ አለ። የገመዱ ጫፍ ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ከሞተሩ ፊት ባለ ቱቦ ውስጥ እየወጣ እየገባ ሞተሩን ቀኝና ግራ ያዞረዋል። ታዲያ ያ ዘንግ ግራሶ ይፈልጋል። ቅባቱ ከደረቀ ወይም ከዛገ ቱቦው ይነክሰዋል፤ አንዴ ከነከሰው ደግሞ ማንም ጎበዝ አያላቅቀውም። በጥምቀት ሰሞን ቱቦውን ጠርጌ፣ ግራሶውን ጠቅጥቄ ሞልቼ፣ መሪው በአንድ ጣት የሚዞር ሆኖ ለአስማረ አስረክቤው ነበር።

ሁዳዴ ገባ። የዚያ ወቅት ነገር ሲነሣ ትዝ የሚለኝ አቧራው፣ ኪሳችንን ሞልተን የምንቆረጥመው የሽምብራ አሹቅና ከየቤቱ የሚወጣው የጾም ወጥ ሽታ ነው። ጠዋት ጸጥ የሚለው ጣና በዚያ ወራት ከቀትር በኋላ በነፋስ ይታመሳል። መሪው ለአስማረ ከቀን ወደ ቀን ይከብደው ጀመር። ለማንም አልተናገረም። በክንዱ የሚመካ ሰው ነው፤ መሪው ሲከብደው እሱም አጥብቆ ይጠመዝዘዋል።

ወደ ሆሳዕና ግድም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከገዳም ሲመለስ ነፋሱ ተነሣ። ደሴ የሚባል የዘጌ ሰው በደንገል ታንኳው ማገዶ ጭኖ ወደ ከተማ እየቀዘፈ ነበር። እንጨት የጫነች ታንኳ ከውኃው እምብዛም ብቅ አትልም፤ አስማረ ያያት ማዕበሉ ከፍ ሲያደርጋት ነው። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። አልዞረም። በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት፤ የመዳፉ ቆዳ መሪው ላይ ቀረ። ሞተሩን ቢያጠፋም ማዕበሉ ከኋላ ገፋው፤ ጀልባው ታንኳዋን ከመሐል ሰብሮ አለፈባት፣ መሽከርከሩን ገና ያላቆመው ፕሮፔለር የደሴን እግር ከጉልበቱ በታች ከተፈው። አስማረ ዘሎ ገባ። ተሳላሚዎቹ እግዚኦ እያሉ ሲያለቅሱ፣ ውኃው ቀልቶ በጀልባው ዙሪያ ሲሰፋ፣ ደሴን በብብቱ ይዞ አወጣው፣ እግሩን በመቀነቱ አሰረው። ዳሩ ቅርብ ስለነበር በመቅዘፊያ ደረሱ። ሆስፒታልም ያደረሰው አስማረ ነው፣ በጀርባው ተሸክሞ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ወሬው ሌላ ሆነ። በዚያው ዓመት ጥምቀት፣ በዱላ ጨዋታ ላይ ደሴ የአስማረን የፊት ጥርስ አውልቆት ነበር። እዚያው ታርቀዋል። ሰው ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ አለ፤ መሪው እምቢ ብሎት ሳይሆን እሱ ራሱ እምቢ ብሎ ነው አለ። ፖሊስ ቃሉን ተቀብሎ በዋስ ለቀቀው። የደሴ ታላቅ ወንድም ይርዳው ግን ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ደሴን እንደ ልጅ ያሳደገው እሱ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው መፍራት።

በማግስቱ ረፋድ ጀልባውን ወዳሰርንበት ዳርቻ ዘመዶቹን አስከትሎ መጣ። ሰላምታ የለ፣ ስድብ የለ። ዱላውን አንሥቶ አስማረን ክንዱ ላይ መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ከዚያ የከፋ ድምፅ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። የመፍቻ ቁልፍ እንደ ያዝሁ ዘልዬ ገባሁ። ማንን እንደ መታሁ አላውቅም፤ ጀርባዬን ሲቀጠቅጡኝ፣ የአንዱን ጆሮ ነክሼ አልለቅም ስል፣ አፌ በደምና በአሸዋ ሲሞላ ግን ትዝ ይለኛል። አስማረን ውኃው ዳር ጥለው ይረግጡታል። በመጨረሻ የባሕረኞቹ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አውልቀው መካከላችን ወረወሩና በማርያም አሉ። በማርያም ከተባለ በኋላ ዱላ ማንሣት ነውር ነውና ዱላዎቹ ወረዱ። ንዴቱ ግን አልወረደም።

ይርዳው እያለከለከ ለሽማግሌው እንዲህ አላቸው፦

"መሪው እምቢ አለኝ ይላል። እንግዲያው ይኸው ብረቱ፣ ይኸው ወንድሙ፤ እፊታችን ይፍታው። ብረቱ ታሞ ከሆነ ለሽማግሌ እገባለሁ። ደኅና ሁኖ ከተገኘ ግን ዳግመኛ በማርያም እንዳትሉኝ።"

የወንድሜ ነፍስ በአንድ ዘንግ ላይ ተንጠለጠለች ማለት ነው። ሐኪም ቤት ላድርሰው ብል ከዚህ አይነሣም ተባልሁ፤ ክንዱን በሸንበቆ አስረንለት እየቃተተ ተቀመጠ። አባታችን ወሬው ደርሷቸው በታንኳ ከገዳም መጡ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ከተሰበሰቡት ሽማግሎች ጎን ተቀመጡ።

መፍታት ጀመርሁ። በመጀመሪያ ዘንጉን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቡሎን አወጣሁና ሞተሩን በእጄ ገፋሁት፤ እንደ በር ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ይህን ያየ ይርዳው ዞረ እኮ ብሎ ዱላውን አነሣ። ቆይ፣ ገና ነው ብዬ ጮህሁበት። ዘንጉን በፒንሳ ይዤ ሳብሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ቱቦውን በእሳት አሞቅሁት፣ ትንሽ በረድ ሲል ላምባ አጠጣሁት፣ የዘንጉ ጫፍ እንዳይጎዳ እንጨት አስደግፌ በመዶሻ መምታት ያዝሁ። የሞተር ሙያ ትዕግሥት ነው ይላሉ፤ ዱላ የያዘ ሰው ራስህ ላይ ቆሞ ሳለ ትዕግሥት ከየት ይመጣል? ፀሐዩ ከረረ። በመታሁ ቁጥር የተቀጠቀጠው ጀርባዬ ይነዝረኛል፣ እጄ ተልጦ ይደማል። ከይርዳው ዘመዶች አንዱ ለታይታ ነው የሚመታው አለ። መለስ ብዬ አላየሁትም፤ ባየው ኖሮ መዶሻው ወደ ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር።

በመጨረሻ ዘንጉ ሲጥ ብሎ ተነቃነቀ፤ መታሁት፣ ወጣ። ዝገት የለበትም። ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ዙሪያውን ጋግሮበታል። በጥፍሬ ፈቀፈቅሁት። ብረቱ ገና አልበረደም ነበርና ሽታው ወጣ፤ ያን ሽታ ለማወቅ ሜካኒክ መሆን አያስፈልግም፣ ሁላችንም ሁዳዴውን ሙሉ ስንበላው የከረምነው ነው። የኑግ ዘይት ነበር። የኑግ ዘይት ድስት ውስጥ ግሩም ነው፤ ብረት ላይ ፀሐይና አየር ሲያገኘው ግን እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። ዘንጉን ለሽማግሎቹ አሳየኋቸው፤ እየተቀባበሉ አሸተቱት። ከዳር አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው።

ይርዳው አልሳቀም። ዘይቱን ማን እንደ ቀባው ጠየቀ። አስማረ አላውቅም አለ። እኔም የቀባሁት ግራሶ መሆኑን ምዬ ተናገርሁ። ይርዳው ወደ አስማረ ዞረና፣ ጀልባው በእጅህ፣ ቁልፉ በእጅህ፣ ወንድሜን ለመግደል ብረቱን ያሳመምኸው አንተው ነህ አለው። ዱላዎቹ እንደገና ተነሡ። አሁን የሚያስጥል አልነበረም።

ያን ጊዜ አባታችን ቆሙ።

"ልጀን ተወው፣ ይርዳው። የቀባሁት እኔ ነኝ።"

ግራሶ ከአሳማ ስብ ይነጠራል ብሎ አንድ ሰው ነግሯቸው ኖሯል። በሁዳዴ የአሳማ ስብ ተሸክሞ ገዳም የሚገባ ጀልባ እንቅልፍ ነሣቸው። እኔ በጥምቀት ሰሞን ስሠራ አይተው ነበርና፣ ጾም የገባ ዕለት ግራሶውን በላምባ አጥበው ጠረጉት፣ በንጹሕ የኑግ ዘይት ቀቡት፣ ጸሎትም አደረጉበት። ለእኛ ያልነገሩን እንዳንስቅባቸው ብለው ነው። ይህን ሁሉ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ ተናገሩ። በአገራችን የሰው ደም ያፈሰሰ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳይ ፊት ይንበረከካል፤ ተበዳዩ ድንጋዩን ካወረደለት የእርቅ በር ተከፈተ ማለት ነው። አባታችን መቋሚያቸውን ጣሉ፤ ይርዳው እግር ሥር ተንበርክከው ከዳርቻው ትልቅ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ አሉ።

አስማረ መቼ እንደ ተነሣ አላየሁም። በደኅናው እጁ መዶሻዬን ከአሸዋው ላይ አንሥቶ ነበር። ፊቱን አልረሳውም፤ ሰው አይመስልም ነበር። ያጎነበሰው የአባታችን ራስ ላይ ሰነዘረ። እኔ አልደርስም፤ ይርዳው ግን ቅርብ ነበር። ምንም ሳይል መሐል ገባ፤ መዶሻው ግንባሩን ሰነጠቀው። በጉልበቱ ወደቀ፣ የአስማረን እጅ ግን አንቆ ይዞታል። እኔም ደርሼ ነበርና፣ ከእኔና ከአስማረ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ እንዲህ አለው፦

"ደሜን ከሰው እፈልጋለሁ እንጅ አባቱን ከመታ እርጉም አልፈልግም።"

መዶሻው ወደቀ። አባታችን ድንጋዩን በጫንቃቸው አድርገው ቀና ሲሉ ያዩት ፊቱ በደም የተሸፈነ ሰው ነው። ምን ሆንህ ልጀ አሉት።

"ምንም አይዶል፣ የኔታ። መዶሻው ከጀታው ወልቆ ነው የነካኝ።"

ይህን ብሎ፣ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ድንጋዩን ከአባታችን ጫንቃ ላይ አወረደ። አባታችን ጥምጥማቸውን ፈትተው ግንባሩን አሰሩለት። ዳርቻው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ አስማረ የሠራውን አይቷል። አንድም ሰው አልተናገረም። ባሕር ዳር አፍህን ሳትጠርግ ምን እንደ በላህ የሚያውቅ ከተማ ነው፤ ይህችን ግን አባታችን እስኪሞቱ ድረስ ዋጣት።

ደሴ ተረፈ፤ እግሩ ግን ተቆረጠ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሎች አስታረቁን። እኔ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አጥርቼ፣ ቱቦውን ጠርጌ ግራሶ ስሞላ አባታችን አጠገቤ ቆመው ነበር። ግራሶ ከመሬት ከሚወጣ ነዳጅ እንደሚሠራ ነገርኋቸው። ከምድር ከሆነስ የጾም ነው አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። አስማረ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ክንዱ ተጣሞ ገጠመለት፤ ቆጋ መስኖ ላይ ድንች ያለማል። አባታችን አርጅተው ሲሞቱ ራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው መርቀውት ነው። ሲመረቅ እንደዚያ ያለቀሰ ሰው አላየሁም።

እሑድ ዕለት ይርዳውን ልጠይቀው ሰባታሚት፣ ልጁ ቤት ሄድሁ። ሸምግሏል፤ ጠባሳው ከግንባሩ መጨማደድ ጋር ተቀላቅሎ ካላወቁት አይለይም። ሱፍ ፍትፍት ቀረበልን። ስንት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁ፣ ለአባታችን ለምን እንደ ዋሻቸው። እጁን ታጠበና ወደ እኔ ዞረ።

"ደሴ እግሩን ሰጠ፣ ወንድምህ ክንዱን፣ እኔ ግንባሬን። አንድ ሰው እንኳ ደኅና ወደ ቤቱ ይግባ ብዬ ነው" አለ።

ያን ጊዜ ነገርሁት። አባታችን ያን ውሸት ስላመኑ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው የወቀሱት እኔን ነበር። በየበዓሉ፣ በየእንግዳው ፊት፣ ይህ ልጅ የመዶሻውን እጀታ ሳያጠብቅ የሰው ግንባር ያስፈረከሰ ነው ይሉ ነበር። አስማረ አንገቱን ይደፋል፤ እኔ ልክ ነዎት አባባ እላለሁ። ይርዳው ጠባሳውን ይዞ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"ያንተ ድርሻ ያች ነበረቻ" አለኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስበው ነበር። ከሁላችን ቀላሏ የደረሰችው ለእኔ ነው። አባቴ ዛሬ ተነሥተው ቢወቅሱኝ፣ ልክ ነዎት አባባ እላቸው ነበር።