ለአንድ ዱላ ወደ ኤደን

ወደ ኤደን የሄድኩት ለአገሬ ክብር ነው ብል ዋሸሁ። በፈቃድ ወረቀቴ ላይ የሰፈረው «ከወዳጅ አገር ስፖርተኞች ጋር የወዳጅነት ግጥሚያ ለማድረግ» የሚል ነበር። እኔ የሄድኩት ግን ለዱላ ነው። ዱላው የሚስተር ጆሴፍ ነው። ሚስተር ጆሴፍ አሰብ ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምሩ ህንዳዊ ናቸው፤ ከአገራቸው ይዘውት የመጡ፣ በዘይት ታሽቶ ታሽቶ ማር የመሰለ የክሪኬት ዱላ ነበራቸው። ኮንትራታቸው ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ሰብሰብ አድርገውን ከኤደን ጉዞ በኋላ ዱላውን ለተሻለው መቺ ትተው እንደሚሄዱ ነገሩን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልስማማህ አለኝ።

የተሻለው እኔ መሆን ነበረብኝ። ከነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች መካከል ክሪኬት የሚባለውን ነገር በመጀመሪያ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ከሚስተር ጆሴፍ ጋር አንድ አጥር እንጋራ ነበርና። ፀጋዬንም ያመጣሁት እኔው ነኝ። ፀጋዬ ከናዝሬት የመጣ የቦይለር ኦፕሬተር ሲሆን አንድ ቤት ነው የምንኖረው። እሑድ እሑድ በዚያ ሙቀት ተጋድሞ ጣራ ሲያይ አሳዝኖኝ «ተነሥ እስቲ» ብዬ ወደ ሜዳ ወሰድኩት። ያኔ የምንጫወተው ከወደብ በተገኘ የሣጥን ጣውላ አናጢ በጠረበልን ዱላ ነበር። በሦስተኛው እሑድ ፀጋዬ በዚያች ጣውላ ከእኔ አብልጦ መታ። በዓመቱ ሚስተር ጆሴፍ ከፀጋዬ ስም ሌላ ቃል የጠፋባቸው መሰለኝ። እኔ አስተማርኩ፣ እሱ ተመሰገነ፤ አንጀቴ አረረ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት መቺዎች ፊት ለፊት፣ ራቅ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ከየጀርባቸው ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል። አንዱ ኳሷን ከመታት በኋላ ሁለቱ ቦታ ለመለዋወጥ ይሮጣሉ፤ በተለዋወጡ ቁጥር አንድ ነጥብ ያገኛሉ። ከመስመሩ ሳይደርሱ ኳሷ ተወርውራ እንጨቱን ከመታች ግን አንዳቸው ከጨዋታ ይወጣል። ኳሷ ከመቺው ጀርባ ከሄደች እሱ አያያትምና ሩጫውን የሚያዘው ከማዶ ያለው ጓደኛው ነው። እኔና ፀጋዬ «ና» ወይም «ቁም» እንባባላለን። እኔ «ና» ካልኩት ፀጋዬ ዞር ብሎ ኳሷን አያይም፤ አንገቱን ደፍቶ ይሮጣል። ይህቺን ልብ በሉልኝ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አሰብ ወደብ

ጭነቱን አራግፎ ወደ ኤደን የሚመለስ ትንሽ መርከብ ነበር የተገኘልን። ከአሥራ አንዳችን አራቱ ህንዳውያን መምህራን፣ ሌሎቻችን የማጣሪያና የወደብ ሠራተኞች ነን። ይሁን እንጂ ከኤደን የመጣው ደብዳቤ «የኢትዮጵያ ቡድን» ስለሚል፣ ሳናስበው ብሔራዊ ቡድን ሆነን አረፍነው። በነጭ ሸሚዞቻችን ኪስ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጥብጣብ ተሰፋ። የቡድን መሪ ተብለው የተመደቡት ካድሬው ጓድ ወንድይራድ ጨዋታውን ዐይተውት አያውቁም። ዱላውን አገላብጠው አዩና ይሄ ገና አይደለም እንዴ ብለው ጠየቁ። ሚስተር ጆሴፍ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው፤ ጓድ ወንድይራድ ግን እስከ መጨረሻው ገና ነው ከማለት አልተመለሱም።

ፀጋዬ አዲስ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጓል። ከየት አመጣኸው ብዬ ብጠይቀው ሚስተር ጆሴፍ እንደሰጡት ነገረኝ። የእኔ ጫማ አውራ ጣቱ ጋ በክር የተሰፋ ነበር። ዐይኔ ጫማው ላይ መቅረቱን ዐይቶ እየሳቀ «ምቀኛ አታሳጣኝ» አለኝ። ለቀልድ ነው ያለው፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

ረፋዱ ላይ ጥቂት የዓሣ አጥማጆች ጎጆዎች በባሕሩ ዳር እየታዩ ጠፉ፤ ከዚያ ባብ ኤል መንደብ ላይ ነፋሱ ተነሣ። በቁርስ የበላሁትን ዳቦና ሰርዲን ሁሉ ለዓሣ መለስኩት። ግንባሬን ይዞ ውኃ የሚያጠጣኝ ፀጋዬ ነው። እሱን ባሕሩ አልነካውም። ግንባሬን ይዞልኝ ሳለ እንኳ «ይሄንስ ለምን አያስመልሰውም?» እያልኩ እቀና ነበር።

ኤደን

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ግድም ደረስን። ኤደንን የከበቧት ተራሮች ሣር የማያውቃቸው፣ ከምድጃ የወጡ የሚመስሉ ጥቁር ዐለቶች ናቸው። ሙቀቱ ለአሰብ ሰው አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሆነብን እንግሊዞች ትተዋቸው የሄዱት ሰፋፊ ቤቶችና የመንገዱ ጥራት ነው። ያረፍነው መርከበኞች በሚያድሩበት ቤት ነው። በጉድጓድ ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ መሐሉን ተሰንጥቆ፣ እንደ ትሪ በሰፋ ቂጣ ላይ ቀረበልን። አሰብም ዓሣ አለ፤ እንዲህ ያለ ግን በልቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ክሬተር በሚባለው አሮጌ ገበያ ዞርን። ለእናቴ ሽርጥ ልገዛ ብጠይቅ ነጋዴው ሦስት ዲናር አለኝ፤ ብከራከረው አልቀንስም ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ፀጋዬ ከኋላዬ መጥቶ ፈገግ ከማለት በቀር ምንም ሳይናገር ያንኑ ሽርጥ በሁለት ተኩል ወሰደ። ለእኔም በዚያው ዋጋ ላስደርግልህ ቢለኝ ሐሳቤን ለውጫለሁ ብዬ ሄድኩ። እናቴ እስከ ዛሬ የኤደን ሽርጥ የላትም።

ግጥሚያዎቹ ሁለት ነበሩ። እያንዳንዱ ቡድን ሃያ ኦቨር ብቻ ይመታል፤ አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው። ከሣር ይልቅ አቧራ በሚበዛበት ሜዳ፣ የወደብ ጸሐፊዎችና እዚያው የቀሩ ህንዶች የተቀላቀሉበት ቡድን በመጀመሪያው ቀን ገረፈን። ፀጋዬ ሠላሳ አንድ ነጥብ አገባ፤ እኔ ሦስት። ማታ ራት ላይ ሚስተር ጆሴፍ ዓሣውን ከፀጋዬ ጋር እየቆረሱ በሉ። ዱላው ከወንበራቸው ጎን ቆሞ ነበር፤ እኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ

ከሜዳው ጥግ ሻይ በወተት የሚሸጡ ሐጂ ሰዒድ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጥብጣባችንን እንዳዩ «እንደምን አደራችሁ» አሉን። ለካ ደሴ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ሱቅ ነበራቸው። ለአሥራ አንዳችንም ሻይ ቀዱልን፤ ፀጋዬ በአጠገቤ ተቀምጦ ዛሬ እናሸንፋለን እያለ ጉልበቴን መታ መታ ያደርጋል።

የዚያን ቀን እኔም ቀናኝ። ከፀጋዬ ጋር ፊት ለፊት ቆመን አንድ ሰዓት ያህል አብረን መታን። «ና» ይላል፣ እሮጣለሁ፤ «ና» እላለሁ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሮጣል። ሁለት ኦቨር ሲቀር ለማሸነፍ የሚያስፈልገን አሥራ አራት ነጥብ ነበር። እኔ ሃያ ዘጠኝ፣ ፀጋዬ አርባ ሰባት ደርሰናል። ሦስት ብቻ ቢጨምር ሃምሳ ሊሞላ ነው፤ በክሪኬት ሃምሳ የሞላ መቺ ትልቅ ክብር ነውና፣ ሃምሳ ከሞላ የዱላው ነገር አበቃ።

ፀጋዬ የተወረወረለትን ነካ አድርጎ ወደ ኋላው ላካት። ኳሷ ቀስ ብላ ትንከባለላለች፤ ጠባቂው ሩቅ ነው። ጊዜ ነበረን። «ና!» አልኩ። በዚያው ቅጽበት ሚስተር ጆሴፍ ከወንበራቸው ተነሥተው የፀጋዬን ስም እየጠሩ ሲያጨበጭቡ ሰማሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። እንቅፋት አልመታኝም፣ ማንም አልያዘኝም። ቆምኩ፤ ከዚያ ወደ መስመሬ ተመለስኩ።

ፀጋዬ ቀና ያለው መሐል ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። አየኝ። ዞሮ ሮጠ፤ ነጭ ጫማው አቧራውን እየበተነ ሮጠ፤ ግን ኳሷ ቀድማው እንጨቱን ጣለችው። ከሜዳ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። በአምስት ነጥብ ተሸነፍን።

ላቤን እየጠረግሁ ሻይ ፍለጋ ሐጂ ሰዒድ ዘንድ ሄድኩ። ብርጭቆውን ሰጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጠርተኸው ነበር» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ና ብለኸዋል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ደንበኛዬን ስጠራበት የኖርኩት ቃል ነው፤ አይጠፋኝም።»

ሻዩን ሳልጨርሰው አስቀመጥኩት።

ሂስና ግለ ሂስ

ከራት በፊት ጓድ ወንድይራድ ሁላችንንም አስቀመጡን። ብሔራዊ ቡድን ተሸንፎ ዝም አይባልም፤ የሽንፈቱ ምክንያት በሂስና በግለ ሂስ ተጣርቶ ሪፖርት መጻፍ አለበት። ህንዳውያኑ ነገሩ ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ። እኔ ልነሣ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ አስቤአለሁ። ፀጋዬ ቀደመኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ተሾመ ሳይጠራኝ ሮጥኩ። እሱ ነገሩን አይቶ ቦታውን ጠብቋል።»

ጓድ ወንድይራድ «የግለኝነት ዝንባሌ» ብለው ጻፉ፤ ከፊታቸው ስለተቀመጥኩ እያንዳንዱ ፊደል ይታየኝ ነበር። ወረቀቱ የፀጋዬ ማኅደር ውስጥ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጓድ ተሾመ፣ የምትጨምረው አለ?»

«የለም» አልኩ።

መልስ

በማግስቱ መርከቡ ላይ ሚስተር ጆሴፍ ዱላውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ኃይል ያለው ብዙ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት አመዛዝኖ ቦታውን የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው ብለው ለእኔ ሰጡኝ። መጀመሪያ ያጨበጨበው ፀጋዬ ነው። ዱላው እንዳሰብኩት ለስላሳ፣ እንዳሰብኩትም ቀላል ነበር። 

የአሰብ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ጋኖች ከሩቅ ሲታዩ ፀጋዬ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ትናንት ለምን ጥፋቱ የእኔ ነው አልክ ብዬ ጠየቅሁት።

«ያን ጊዜ ከአልጋ ባታስነሣኝ እስከ ዛሬ ጣራ ሳይ ነበር የምኖረው» አለኝ። «ስለ እሱ ነው። አሁን እኩል ነን።»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አልኩ። አልሳቀም፤ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ መውረጃው ሄደ።

ሚስተር ጆሴፍ በወሩ ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝተናቸው በተመለስንበት እሑድ ሜዳ ወጣን። ዱላ እንለዋወጥ ብዬ ብጠይቀው ፀጋዬ እንቢ አለ፤ ለምጃታለሁ ብሎ የሣጥን ጣውላዋን ይዞ ከማዶ ቆመ። እስካሁን አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ ስለ ኤደን አንሥቶብኝ አያውቅም።

የዚያን እሑድ ፀጋዬ ኳሷን ወደ ኋላው መታት። ቀስ ብላ ትንከባለላለች፤ ጠባቂው ሩቅ ነው። «ና!» አልኩት። ፀጋዬ ቀና አለ፤ ዞሮ ኳሷን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ፤ ከዚያ ሮጠ። ደረሰ፤ አንድ ነጥብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስንት እሑድ ተጫወትን፤ በጠራሁት ቁጥር ይመጣል፣ ሳያይ ግን አይመጣም።